መድረክ የተተከለበት የፈረስ ሜዳ

ጥምቀት በኛ አገር ያለ ፈረስ አይደምቅም። ታቦታቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ተመልሰው ከገቡ በኋላ፣ ከወገዳ ወንዝ ዳር ባለው ሰፊ ሜዳ ጉግስ ይጀመራል። አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል፣ የሚሸሸው ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይመክታል። ሴቱ እልል ይላል፤ ሽማግሌው "ያዘው! ያዘው!" እያለ ከተቀመጠበት ይነሳል። ጤና ጣቢያ ተቀጥሬ ከተማ ከገባሁ ወዲህ እንኳ ከዓመት ዓመት የምናፍቀው ይህንኑ ነው። ሌላ መዝናኛማ ከየት መጥቶ!

አምና ግን ሜዳው ላይ ስንደርስ መድረክ ተተክሎ ጠበቀን። ዳር ላይ ቢሆን ምን ነበረበት፤ ፈረሶቹ በሚሮጡበት መሀል ለመሀል ነው እንጂ። ድንኳኑ፣ ምንጣፉ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም እዚያ ተደርድሯል። ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች ስላሉ በዓላችን "ፌስቲቫል" ሆኗል ተባልን።

አጎቴ፣ ዳማ ፈረሳቸውን እየሳቡ፣ አንገቱ ላይ ባጅ ወዳንጠለጠለው አስተባባሪ ሄዱ። እኔም ተከተልኋቸው።

"ልጄ፣ ይኸ እኮ የፈረስ መሮጫ ነው። ትንሽ ወደ ዳር አርጉልን።"

"አባቴ፣ አንዴ ተተክሏል። በዚያ በኩል ሩጡ፤ ለካሜራውም ይመቻል።"

"በዚያ በኩልማ ድንጋይ ነው። ውኃ የቦረቦረው ጉድባም አለ።"

"ጥቂት ዙር ነው፣ አባቴ። እንግዶቹን አናስጠብቅ።"

አነጋገሩ አንገበገበኝ። "ይተዉት አጎቴ፣ እንመለስ" አልኋቸው።

"በጥምቀት ፈረስ ጭኖ ሳይጋልቡ መመለስ ነውር ነው" አሉና ኮርቻው ላይ ወጡ።

የመጀመሪያውን ዙር በሰላም ተመለሱ። ሲደግሙ፣ የሚያሳድዳቸውን ሸሽተው ሲታጠፉ፣ የፈረሱ የፊት እግር ጉድባው ውስጥ ገባ። ከዘፈኑ ጩኸት የተነሳ አጥንቱ ሲሰበር እንኳ አልተሰማም፤ ፈረሱ ሲገለበጥ አየሁ እንጂ።

ሮጬ ስደርስ አጎቴ ትከሻቸው ወልቆ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። "እኔን ተዪኝ! እሱን እዪልኝ!" ይላሉ። የፈረሱ እግር ከጉልበቱ በታች ተንጠልጥሏል። ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ሊነሳ ይታገላል። ድምፅ ማጉያው ደግሞ "ደማቅ ጭብጨባ ለፈረሰኞቻችን!" ይላል።

መድረኩ ላይ ወጣሁ።

"ሙዚቃውን አጥፉት! ሰው ተጎድቷል!"

"እህቴ፣ ፕሮግራም አታበላሺ። አምቡላንስ ይጠራል" አለኝ አስተባባሪው፣ ዓይኑን ከእንግዶቹ ሳይነቅል።

ወርጄ ከጄኔሬተሩ የሚወጣውን ገመድ መንጭቄ ነቀልሁት።

ሜዳው ጭጭ አለ። የፈረሱን ማቃሰት ሁሉም የሰማው ያን ጊዜ ነው። አንዷ እንግዳ በነጠላዋ አፏን ያዘች። አስተባባሪው ግን እየሮጠ የመጣው ወደ ገመዱ ነበር።

የአጎቴን ክንድ በነጠላዬ ደግፌ አሰርሁ። ከሕዝቡ መሀል የመጣ ወጌሻ የፈረሱን እግር ዳሰሰና "አይድንም" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አጎቴ ጠመንጃ የያዘ ጎረቤታቸውን ጠርተው "አታሰቃይብኝ" አሉት። ከዚያ በኋላ ወደዚያ አልዞሩም። ጥይቱ ሲጮህ ባጃጅ ውስጥ ሆነን ወደ ጤና ጣቢያ እየሄድን ነበር። አጎቴ እጄን ጨበጥ አደረጉኝ።

በሳምንቱ አዘጋጆቹ አስጠሩኝ። የበዓሉን ገጽታ አበላሽተሻልና ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ። ገጽታ!

"መጀመሪያ እናንተ አጎቴ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ" አልሁ።

"እሱ እኮ አደጋ ነው። የማንም ጥፋት አይደለም።"

"ነግረዋችሁ ነበር! በአፋቸው ነግረዋችሁ ነበር!" ብዬ ጮኽሁ። ውጭ የቆሙት ሰዎች ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ እነሱም ወደ አጎቴ ቤት ዝር አላሉም።

ዘንድሮም መድረኩን እዚያው ተከሉት። ፈረሰኞቹ ግን ቀድመው ተማክረው ከወንዙ ማዶ፣ ገብስ ወደታጨደበት ማሳ ሄዱ። ሕዝቡም እነሱን ተከትሎ ተሻገረ። አጎቴ ከሽማግሎቹ ጋር ተቀምጠው አዩ። ሌላ ፈረስ አልገዙም። "ቂም መያዝ ልማድሽ እንዳይሆን፤ ለጤናሽም አይበጅም" ይሉኛል። እሳቸው ይተዉት፤ ሆደ ሰፊ ናቸው። እኔ ግን ያን አስተባባሪ ገበያ መሀል ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። እንደ ዘመድ ፈገግ ብሎ "ደኅና ነሽ?" ይለኛል። አልመልስለትም።