ሸዋሮቢት ብቻ ቀረችው

ባለቤቴ ጀውሃን የሰጠኝ በአንድ ባለ መንታ ጭራ አውሮፕላን ተረትቶ ነው። የማጀቴን ከተማ ያገኘሁት ደግሞ ሞተሩን ጀርባው ላይ በተሸከመ፣ ውሃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ነው። አጣዬ በምን እጄ እንደገባች አሁን አላስታውስም። ብቻ የይፋት ቆላ ቀስ በቀስ የኔ እየሆነ መጣ፤ እኔ ግን አንዱንም አልፈለግሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ የሚሠራው ልጃችን ከኢንተርኔት የጥንት አውሮፕላን ፎቶ ይፈልግና ስሙን ቆርጦ በቴሌግራም ይልክልናል። የሚመርጠው ሰው የረሳውን፣ ጥቂት ብቻ ተሠርቶ የቀረውን ነው። አባቱ ደግሞ ስሙንና የተሠራበትን አገር መገመት አለበት። ባለቤቴ በወጣትነቱ የግሪሳ ወፍና የአንበጣ መድኃኒት ለሚረጩ አውሮፕላኖች መድኃኒት ሲቀላቅል ኖሯል፤ ሥራው ቢቀርም ፍቅሩ አልለቀቀውም። ጨዋታውን እንደ ልጆች እንቆቅልሽ ያደረግነው እኛው ነን። “እንቆቅልህ” እለዋለሁ። “ምን አውቅልሽ” ይለኛል። ካላወቀ አገር ይሰጠኛል፤ ካወቀ ከሰጠኝ አንዱን እመልሳለሁ።

ድሮ እሱን መርታት ዘበት ነበር። ምሳ ሰዓት አልፎ፣ ከባድ መኪና ነጂዎቹ ሒሳብ ዘግተው ሲሄዱ፣ ከምግብ ቤታችን ደጃፍ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ እንላለን። ስልኩን ይቀበለኝና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየዋል። እኔ የማየው እሱን ነበር። ለኔ አውሮፕላን ሁሉ ያው ነው፤ ክንፍ አለው፣ ይጮኻል። እሱ ግን መልሱ ሲመጣለት ዓይኑን ከስልኩ አንስቶ እኔ ላይ ያሳርፍና ከአፉ በፊት በዓይኑ ይስቃል። ያንን አስተያየቱን እንዴት እንደናፈቅሁት ለማን ልንገር?

ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለን፤ የሄደው አይመለስም አለ። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጠፋበት፣ ከዚያ መሐሉ። አሁን የሚያውቀው ብርሃኑንና ጥላውን ብቻ ነው። ምንም አላማረረም። አንድ ቀን ግን ልጃችን የላከውን ፎቶ ስሰጠው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

“እኔ አይልሃለሁ” አልኩት።

“አንቺ? አንቺ አውሮፕላን አይተሽ ታውቂያለሽ?”

እውነቱን ነው፤ የማውቀው ከብት ነው። አባቴ አጣዬ ገበያ በሬ ሲነግድ ኖሮ ነው ያሳደገኝ። ስለዚህ በማውቀው ጀመርኩ። ዳለቻ ነው፣ አልኩት፤ ደረቱ ሰፊ ነው፣ ኋላው ሰለል ይላል፣ ሻኛም አለው።

“በሬ ልትሸጪልኝ ነው?” አለኝ። “ቀለሙን ተይው፤ ቀለም ማንም ይቀባዋል። ከአፍንጫው ጀምሪ። ከአፍንጫው ካልጀመርሽልኝ መልኩ አይመጣልኝም።”

እሺ ብዬ ከአፍንጫው እጀምራለሁ፤ ወዲያው ረስቼው ወደ ቀለሙ እመለሳለሁ። ከብት ሲጠራም፣ ሲሸጥም፣ ሲጠፋም የሚነገረው በቀለሙ ነዋ። ሻኛ ያልኩት ሞተሩ ሆኖ ተገኘ። እሱ አብራሪው የሚቀመጥበት መስሎት ነበርና ተረታ። ማጀቴ የሄደችው በዚያ ነው።

ያን ቀን ሳቅ እያለ፣ “እንግዲህ የቀረችኝ ሸዋሮቢት ናት” አለኝ። “እሷን ከወሰድሽብኝ ስልኩን እንዳታነሺው። ይብቃን።”

ሳቁን አውቀዋለሁ፤ የምሩን ነበር። ቀኑን ሙሉ ባንኮኒው አጠገብ ተቀምጦ የመኪና ድምፅ ሲያዳምጥ ይውላል። ሰው ሰላም ሲለው ይመልሳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ባሌ ግን እዚያ ወንበር ላይ የለም። ወደኔ የሚመለሰው በዚያች የጨዋታ ሰዓት ብቻ ነው። ሸዋሮቢትን ሰጥቶኝ እሱን ከምነጠቅ ከተማዋ ባፍንጫዬ ትውጣ።

በማግስቱ ከልጃችን የመጣው ፎቶ ጉድ ነበር፤ ክንፍ በክንፍ ላይ የተደራረበበት፣ የቱ ፊት የቱ ኋላ እንደሆነ የማይለይ። ይህን ብነግረው መረታቱ ነው። ስልኩን አጥፍቼ መኝታ ቤት ገባሁና ከግድግዳው ላይ የኛኑ ፎቶ ከነመስታወቱ አወረድኩ። ከጀውሃ በታች ካለው ሜዳ ላይ የግሪሳ መድኃኒት ሊረጭ ያረፈው አውሮፕላን ነው። ሰፈሩ በሙሉ ሊያየው ወጥቶ ነበር፤ እኔም ልጃገረድ ነበርኩ፣ ወጣሁ። የከተማው ፎቶ አንሺ ክንፉ ሥር አቁሞ አነሳኝ። ባለቤቴ ፎቶው ላይ የለም። በርሜሉን ትቶ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ቆሞ እኔን ሲያየኝ ነበር። የተዋወቅነው ያኔ ነው።

ይዤው ወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው አጠገቡ ተቀመጥኩ።

“እንቆቅልህ።”

“ምን አውቅልሽ።”

“አፍንጫው ክብ ነው” አልኩ፤ ያን ቀንስ አልረሳሁም። “ሞተሩ አንድ ነው፣ ፊቱ ላይ። ክንፉ ከጣሪያው ነው የሚነሳው፤ በየጎኑ አንዳንድ ዘንግ ደግፎታል። ከፊት ሁለት ጎማ አለው፤ ትንሿ ጎማ ጭራው ሥር ናት። ጭራው ወደ መሬት ወርዶ ፊቱ ቀና ብሏል።”

“ቀለሙስ?”

ቀለም ጠይቆኝ አያውቅም። “ቢጫ” አልኩት።

አንድ ተሳቢ መኪና አቧራውን እያስነሳ አለፈ። ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀ።

“ቢቨር ነው። የካናዳ።”

“አወቅህ” አልኩት በደስታ። “ሸዋሮቢት ያንተው ናት። ጀውሃንም መልሼልሃለሁ።”

“ክንፉ ሥር የቆመችውን ልጅ ግን አልነገርሽኝም።”

ፎቶውን ወደ ራሴ ሳብኩት።

“ስልክ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንደ መስታወት አይጮኽም” አለኝ። “በግራ እጇ ፀሐይዋን ከልላለች። ነጠላዋ ከአንድ ትከሻዋ ወርዷል። እሷን በደንብ አውቃታለሁ። አሁን ምን እንደምትመስል ነው የማላውቀው።”

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። አመሌ አይለቀኝምና ከቀለም ልጀምር ነበር፤ ከሽበቴ። ተውኩት። ደጅ ሰው እንደሌለ ዞር ብዬ አየሁና ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁ።

“እንቆቅልህ” አልኩት።

“ምን አውቅልሽ” አለና እጁን ዘረጋ። ከአፍንጫዬ ጀመረ።