ለእንግዳ የተጠለለው ቢራ

አንድ ጊዜ ብቻ የቀመሳችሁት ነገር ለሳምንታት እረፍት ነስቷችሁ ያውቃል? መንገድ ላይ ስትሄዱ ሽታው ድንገት አፍንጫችሁ ሥር ይመጣና ቆም ትላላችሁ። ዞር ስትሉ ምንም የለም። እኔን እንዲህ አድርጎ የያዘኝ ቢራ ነው፤ ያውም ድፍርስ ቢራ።

ከመቀጠሌ በፊት ስለምን እንደማወራ ላስረዳ። አዳማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ማስረዳት ሥራዬ ነው፣ ጓደኞቼ ግን በሽታህ ነው ይሉኛል። ሄዚ አይፒኤ የሚባል የቢራ ዓይነት አለ። ከገብስ ብቅል ጋር አጃና ስንዴ ይገባበታል። ሆፕ የሚባለው የፈረንጅ ጌሾ ደግሞ ከተራው ቢራ በብዙ እጥፍ ይጨመርበታል፤ አብዛኛውም የሚገባው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። ከእህሉና ከሆፑ የሚወጡት ነገሮች ተያይዘው ቢራውን ያደፈርሱታል፣ መልኩም የብርቱካን ጭማቂ ይመስላል። የበሰለ ማንጎና ዘይቱን ይሸታል፤ ውስጡ ግን አንድም ፍሬ የለም። ድፍርስነቱ ጉድለት አይደለም፣ እንዲያውም ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። ችግሩ አለመቆየቱ ነው። ሙቀት፣ ብርሃንና አየር ይገድሉታል፤ ከሦስቱም ክፉው አየር ነው።

ባለፈው ዓመት ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ፣ ቢራውን እዚያው በሚጠምቅ ትንሽ ቤት አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ። ሁለተኛውን ሳዝዝ አልቋል አሉኝ። ችግሬ ከዚያ ጀመረ።

አዳማ ስመለስ ፍለጋውን በሥርዓት ያዝኩት። የደብተሬን ገጽ ለሁለት ከፍዬ በግራ የጠየቅሁበትን ቤት፣ በቀኝ የተሰጠኝን መልስ ጻፍኩ። ቀኝ በኩል ያለው መልስ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለ ግሮሰሪ አስተናጋጇን፣ «ድፍርስ ቢራ አላችሁ?» አልኳት።

«ምን አልክ?»

«ድፍርስ። ደመና የገባበት የሚመስል።»

«ወንድሜ፣ ድፍርስ ከሆነማ ለአከፋፋዩ እንመልሰዋለን እንጂ አንሸጥም» አለችኝ። ከዚያ ወደ ባንኮኒው ዞራ፣ «ኧረ የተበላሸ ቢራ የሚፈልግ ሰው መጣላችሁ!» ስትል ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

ሞጆ ላይ የከባድ መኪና ሹፌሮች የሚያዘወትሩት ሆቴል ገባሁ። ከአስተናጋጁ ጋር ስነጋገር ከጎኔ የተቀመጠ ሹፌር ሰማኝ።

«መምህር ነህ አይደል?»

«በምን አወቅህ?»

«ሰው ቢራ ሲያዝ ‹አንድ ቢራ› ይላል። አንተ እኮ ልጁን ትምህርት ሰጠኸው።»

ቢሆንም ለእሱም ስለ ሆፕ አስረዳሁት። ጥብሱን እስኪጨርስ ሰማኝና ከጅቡቲ ሲመለስ ካገኘ እንደሚያመጣልኝ ቃል ገባ። ስልኬን ግን አልጠየቀኝም።

ቢሾፍቱ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ፣ በመጨረሻ አገኘሁ። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት መደርደሪያ ላይ አንዲት ጣሳ ለብቻዋ ቆማለች። የታሸገችበትን ቀን ሳነብ ዓመት አልፏታል። ገዛኋት። እስከ አዳማ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ እንደ እንቁላል ታቅፌያት መጣሁ። ስከፍታት የራሰ ካርቶን ሸተተችኝ፤ ቀለሟም እንደ ሻይ ሆኗል። ማግኘት ብቻ እንደማይበቃ ያን ቀን ገባኝ። ትኩሱን ማግኘት አለብኝ፤ ይህ ደግሞ ፍለጋዬን አከበደው። ቅዳሜና እሁድ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። የተማሪዎቼን ወረቀት እያረምኩ ብድግ እላለሁ፤ ብድግ ብዬ ደግሞ የምሄድበት የለኝም።

የምፈልገው ነገር ከማስተምርበት ክፍል ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤታችንን ላብራቶሪ በር ስከፍት ያ ሽታ መጣ፤ የበሰለ ዘይቱን። የላብራቶሪው ቴክኒሻን ጠርሙስ ያጥባል። እኔና እሱ በአንድ ወር የተቀጠርን ጓደኛሞች ነን።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«በሩን ዝጋ» አለኝ።

ለካ ሰውየው ተከራይቶ በሚኖርበት ሰርቪስ ቤት ዓመት ሙሉ ቢራ ሲጠምቅ ኖሯል። ቤተሰቦቹ ፕሮቴስታንት ስለሆኑ ለማንም አልተናገረም። ገብሱ የአርሲ ነው፣ አጃው ከገበያ፤ ሆፑን ግን ውጭ አገር ያለ የአክስቱ ልጅ ሰው ባገኘ ቁጥር ይልክለታል። ያን ቀን ከሥራ በኋላ ቤቱ ወስዶ ቀዳልኝ። ጠጣሁ፤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚያቦካው፣ ሆፑን መቼ እንደሚጨምር፣ አየሩን እንዴት እንደሚከላከል በተራ ጠየቅሁት።

«መጀመሪያ ጠጣ» አለኝ፣ «አንተ ማብራሪያ።» ከዚያ ወዲህ ስሜ ይኸው ሆነ።

ደስታችን ግን ቀን የተቆረጠበት ነበር። የመጨረሻዋን የሆፕ ከረጢት ተጠቅሞ አሥራ ሁለት ጠርሙስ አውጥቷል፤ ሌላ የለውም። ወንድሙ አሰላ ወፍጮ ቤት ከፍቶ ና ሥራ እያለ ይጎተጉተዋል። በዚህ መሐል ቆቃ ሐይቅ አጠገብ ሎጅ ያላቸው አንድ ሰው ስለ ቢራው ሰሙና ልቅመሰው አሉ። ከወደዱት በግቢያቸው የመጥመቂያ ክፍል ሊሰጡት፣ ፈቃዱንም በሎጁ ስም ሊያወጡ ነው። ካልወደዱት ጓደኛዬ ድስቶቹን ሸጦ አሰላ ይገባል። «ዕድሌ እነዚህ አሥራ ሁለት ጠርሙሶች ናቸው» አለኝ፤ ሲናገር አልሳቀም።

ቀጠሮው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣ እኔ በምኖርበት ግቢ ሆነ። የእሱ ክፍል እንግዳ አያስቀምጥም፣ ፍሪጅም የለውም። የእኔ አከራይ ግን ጥሩ ፍሪጅና ሰፊ በረንዳ አላቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ለዓመት በዓል የሚጠምቁት ጠላ በሰፈሩ የታወቀ ሴት ናቸው። ሐሙስ ዕለት ጠርሙሶቹን ፍሪጃቸው ውስጥ አቆምናቸው። ከዚያ ጀምሮ በየሰዓቱ እየሄድኩ ከፍቼ እነካካለሁ።

«ፍሪጁ ታሟል እንዴ?» አሉኝ እትዬ። «ትኩሳት የምትለካ ነው የምትመስለው።»

«ቅዳሜ ትልቅ እንግዳ ይመጣል እትዬ። ይሄ ለእሳቸው ነው። ብርዱ እንዳይለቀው ነው የምፈራው።»

«ቶሌ፣ እሺ! እንግዳህ እንግዳዬ ነው። አንተ አርፈህ አስተምር።»

ቅዳሜ ጠዋት የማጠናከሪያ ትምህርት ነበረኝ። ስድስት ተኩል ላይ ቤት ስደርስ እትዬ በረንዳውን አጥበው፣ ወንበሮቹን ደርድረው ጠበቁኝ። ጠረጴዛው መሐል በነጭ ጨርቅ የተሸፈኑ ሁለት ትልልቅ ጆጎች ቆመዋል። ዳር ላይ ባዶ ጠርሙሶች ተሰልፈዋል፤ አሥር ናቸው።

«አጠለልኩልህ» አሉኝ። ፊታቸው በርቷል። «ብርሃን ላይ ባየው ድፍርስ! ለትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ይቀርባል? አንተም የእናት ልጅ ነህ፣ ማን ነገረህ ብዬ በንጹሕ ጨርቅ አጠለልኩት። ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ እንጃ፣ ሦስት ጊዜ ባጠልለው አልጠራ አለኝ!»

ጨርቁን ገለጥ አድርጌ አሸተትኩ። ዘይቱኑ ጠፍቷል፤ አረፋ የሚባል ነገር የለም። ጨርቅ ያንን ድፍርስ አያጠራውም፤ ሦስት ጊዜ አየር ማጠጣት ብቻ ነው። ይህን ለማስረዳት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። በቤታቸው ሥርዓት የጠለለው ለእንግዳ ነው፣ ጉሹ ለቤት ሰው። እሳቸው ያደረጉት ሰው ሲከበር የሚደረገውን ነው።

«አሥሩን ነው?» አልኩ በመጨረሻ።

«ሁለቱን ለእኛ ተውኳቸው። እኛ ጉሽ ብንጠጣ ምን እንሆናለን?»

ጓደኛዬ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። በር ላይ ተቀብዬ ነገርኩት። ወደ ውስጥ ገብቶ ጆጉን አሸተተ፣ እትዬን «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክመዋል» አለና ተመልሶ ወጣ።

«ለሞጆው ሹፌር አስረድተሃል» አለኝ ዝግ ብሎ። «ለትምህርት ቤቱ ጥበቃ አስረድተሃል። ለዘጠነኛ ክፍል ሳይቀር ምሳሌ አድርገኸዋል። ለእሳቸው አንዲት ቃል? የተቀመጠው እሳቸው ፍሪጅ ውስጥ ነው እኮ!»

ሁለቱን ጠርሙሶች ብቻ እናቅርብ ተባባልን፤ ጆጎቹን ግን እሳቸው እያዩ ከጠረጴዛው ላይ እንዴት እናንሣ? ግቢውን ከበር እስከ በረንዳ ስመላለስ ዘጠኝ ሰዓት ሞላ።

እንግዳው በሰዓታቸው ደረሱ፤ ሃምሳውን ያለፉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። «አካም ጂርቱ» ብለው እትዬን ሰላም አሉ፤ እትዬም በኦሮምኛ ጤና ጠይቀው፣ ማንንም ሳይጠብቁ ከጆጉ ቀዱላቸው። እንግዳው አንድ ጊዜ ተጎነጩ። «ጥሩ ነው» አሉና ብርጭቆውን አስቀመጡ። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዓሣው መወደድ አወሩ። ብርጭቆው አልተነካም። እጃቸው የመኪና ቁልፉን ማገላበጥ ጀመረ። ጓደኛዬ ጫማውን ያያል።

በዚህ መሐል እትዬ «እኛም እንቅመስ እንጂ» ብለው ከፍሪጁ አንዱን ጠርሙስ አውጥተው ከፈቱት። ሽታው በረንዳውን ሞላው። እንግዳው ቁልፉን ማገላበጥ አቆሙ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ይሄ የእኛ፣ የቤት ሰዎቹ ነው ጌታዬ። ጉሽ ነው፣ ለእርስዎ አይሆንም።»

«እንዴ! ደግ ደጉን ለራሳችሁ ደብቃችሁ ነው?» ብለው ሌላ ብርጭቆ ዘረጉ።

ጠጡ። ደገሙ። ከዚያ ሁለቱን ብርጭቆዎች ጎን ለጎን አድርገው ጓደኛዬን ቀና ብለው አዩት። «አንድ ናቸው?»

ብድግ አልኩ። በሕይወቴ ካደረግኋቸው ማብራሪያዎች አጭሩ ይህ ነው። «አንድ ናቸው፤ የተጠለለው አየር ገብቶበት ሞቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ለእትዬ አልነገርኳቸውም።»

እትዬ ጠርሙሱን እንደያዙ ቆሙ። «እና አበላሸሁት በለኛ» አሉ። ድምፃቸው ወርዷል። «ይሄን ሁሉ ቀን ስትመላለስ፣ ፍሪጁን ስትከፍት፣ ስትነካካ... አይንኩት ማለት ያቅታል?»

እንግዳው ግን፣ «እናቴም ብትሆን ታጠልለው ነበር» አሉ። «እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የሎጁ ደንበኛ ይሄን ሲያይ ተበላሽቷል ብሎ ይመልስብኛል። ለእያንዳንዱ ማን ያስረዳልኛል?»

እኔ ልጀምር ስል ጓደኛዬ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። የመለሱት እትዬ ናቸው፤ ገና እንደተቆጡ።

«ምን ማስረዳት ያስፈልገዋል? ጉሽ ነው፣ በጊዜው ይጠጣል ይበሏቸው። ጉሽ የማያውቅ አለ?»

እንግዳው ሳቁ። ሁለተኛውን ጠርሙስ አስከፍተው እስከ አተላው ጠጡት፤ እኔና ጓደኛዬ አልደረሰንም። ሊሄዱ ሲነሡ ጓደኛዬን፣ «ክፍሉን መጥተህ እየው፤ ከወደድከው ድስቶችህን ይዘህ ግባ» አሉት። ሆፑን ከየት እናመጣለን ብሎ ሳይጠይቅ እሺ አለ። ለወንድሙ የደወለው መኪናቸው ከበር ሳይወጣ ነው፤ የአሰላውን ነገር ለሌላ ጊዜ ብሎ ዘጋው።

እትዬ ሁለት ቀን ከሰላምታ በላይ አላናገሩኝም። በሦስተኛው ቀን በሬን አንኳኩተው፣ «አጃው ስንት ሰዓት ይቀቀላል?» አሉ። ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ወንበር ሰጠኋቸውና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ግን «ሐሙስ ዕለት ይሄን ብትለኝ ኖሮ» ብለው ወጡ። እስካሁን ማታ ማታ ሳስበው ከአልጋዬ ያስነሣኛል።

እናንተም ሞክሩት። የታሸገበትን ቀን አንብቡ፤ ሳምንታት ብቻ ያለፉትን እንጂ ወራት ያለፉትን አትግዙ፣ ፀሐይ ላይ የቆመውንም እለፉት። ቀዝቃዛ አድርጋችሁ፣ ሳታጠልሉ፣ በሰፊ ብርጭቆ ቅዱት፤ ከመጠጣታችሁ በፊት አሽትቱት። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ ስታስገቡ ዞር በሉና የቤቱን ባለቤት ጥሩ፤ ምን እንደሆነ ንገሯቸው፣ የመጀመሪያውንም ብርጭቆ ለእሳቸው ቅዱላቸው።