ሊቀ መንበራችን ያሻሻለው ዓረፍተ ነገር

በዚያን ጊዜ ድሬዳዋ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት፣ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። መንግሥትም ኩባንያም አልቀጠረኝም። ያለኝ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ያገኘሁት ፈረንሳይኛና ያማረ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው። ከጎኔ የሚቀመጠው ሌላው ጸሐፊ በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሐረሪ ነበር። ዐረብኛ ይጽፋል፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አቀላጥፎ ይናገራል። ከዙሪያው ገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ ወይም ከጀልዴሳ የመጣ ባለጉዳይ አማርኛ ሲቸግረው እሱ ያዳምጠዋል፣ ለእኔ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ያን ያህል ቢበልጠኝም አንተ ነበር የምለው፤ ድሬ ውስጥ ለአንቱታ ትዕግሥት ያለው ሰው ጥቂት ነው።

ሥራው ከዕለት ጉርስ አያልፍም ነበር። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ያሉት ትልልቅ ነጋዴዎች ደብዳቤ የሚጽፍላቸውና የፈረንሳይኛ ወረቀት የሚተረጉምላቸው ሰው እንደሚፈልጉ፣ ደህና አድርገው እንደሚከፍሉም እንሰማለን። በማን በኩል እንደሚገባ ግን አናውቅም።

አውቃለሁ የሚል ሰው አንድ ቀን መጣ። ይህ ሰው አንድ ጽሑፉ፣ አንድ ብቻ፣ አዲስ አበባ በሚታተም ጋዜጣ ወጥቶለታል። ጋዜጣውን አጣጥፎ በኮቱ ኪስ ይዞት ይዞራል። እጥፋቱ ላይ ፊደሉ ስለለቀቀ ሁለት መስመር አይነበብም፤ እነሱን በቃሉ ይሞላቸዋል፣ በየጊዜውም እየረዘሙ ይሄዳሉ። በዚያ ሙቀት ከረባቱን አጥብቆ አስሮ ፊታችን ቆመና፣

«እናንተ ዛፍ ሥር የምትቀመጡ ሰዎች አይደላችሁም» አለን። «የጎደላችሁ የሚያሰባስባችሁ ሰው ነው።»

«አቦ፣ ቁጭ በልና ንገረን» አለው ሐረሪው።

አልተቀመጠም። ሱሪውን አቧራ እንዳይነካው ፈርቶ ይሁን አንተ መባሉ ቆርቁሮት አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን እርስዎ ካላልነው መልስ አይሰጥም ነበር።

የብዕር ሰዎች መረዳጃ እንዲህ ተቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩም ያው ሰው ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ እንሰበሰባለን። ስምንት ወይም ዘጠኝ እንሆናለን፤ ማመልከቻ ጸሐፊዎች፣ ከሥራ የወጡ የባቡር ጸሐፊዎች፣ እንዲሁም በአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በአማርኛ ታይፕ የምትጽፍ ሴት። ዓላማው መረዳዳት ነበር። ሥራ የሰማ ለሌላው ይናገራል፣ ዋጋ የማያውቅ የሚያውቀውን ይጠይቃል፣ ሊቀ መንበሩ ደግሞ ከነጋዴዎቹ ጋር ያስተዋውቀናል። መጀመሪያ የተሠራው ግን ማኅተም ነው። ቀጥሎ ሊቀ መንበሩ በየሳምንቱ ንግግር ማድረግ ጀመረ። አንዱን ቅዳሜ ደራሲ እንዴት መልበስ እንዳለበት ነገረን፤ ሌላውን ቅዳሜ ስለ ብዕር ክብር። ከመካከላችን አንዱ ጫማው ተቀድዶ እግሩን ወንበር ሥር ደብቆ ያዳምጥ ነበር።

እኔን ዋና ጸሐፊ አደረገኝ። በሌላው እንደምስቅ በራሴም እስቃለሁ፤ ሹመቱ ደስ ብሎኝ ነበር። የእሱን ከንቱ ንግግር በቆንጆ ጽሑፍ ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፍራለሁ፣ ሲያልቅም እፈርማለሁ።

አንድ ቅዳሜ ለብቻዬ ጠራኝና ሃያ ገጽ ያህል ፈረንሳይኛ ሰጠኝ። የውሃ ፓምፕ አጠቃቀም መመሪያ ነበር። አስመጪው ነጋዴ ለአትክልተኞች በአማርኛ ሊያድለው ይፈልጋል።

«ይህ ናሙና ነው» አለኝ። «ከወደዱት ቋሚ ሥራ ይሰጡሃል። ናሙና ላይ ዋጋ መጠየቅ ነውር ነው።»

ሦስት ሳምንት ለፋሁበት። ለቫልቩና ለመምጠጫው ቧንቧ ገበሬ የሚገባው ቃል ፍለጋ መካኒኮች ዘንድ ሄድኩ። ሐረሪው የጻፍኩትን እየሰማ፣ ሰው እንዲህ አይናገርም ሲለኝ እንደገና እጽፋለሁ። ጨርሼ ሰጠሁት። በሳምንቱ ብጠይቀው «እየታየ ነው» አለኝ። ከወር በኋላም እየታየ ነበር።

ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ አንድ የብርቱካን አትክልት ያለው ሰው ወደ ዛፋችን መጣ። የገዛው ፓምፕ በተነሣበት ቀን ተቃጥሎበታል፤ ነጋዴውን ሊከስ ነው።

«መመሪያውን ተከትዬ ነው ያስነሣሁት» አለና በስቴንስል የተባዛ መጽሐፍ አወጣ። «ልጄ እያነበበልኝ ነው የሠራሁት።»

ገለጥኩት። ቃሎቹ የእኔ ናቸው። ሽፋኑ ላይ ተርጓሚ ተብሎ የተጻፈው የሊቀ መንበራችን ስም ነው፤ ያውም ከነማዕረጉ፣ የመረዳጃው ሊቀ መንበር ተብሎ። አራተኛው ገጽ ላይ ግን የእኔ ያልሆነ ነገር አገኘሁ። እኔ የጻፍኩት «ፓምፑን ውሃ ሳትሞላ ሞተሩን አታስነሣ» የሚል ነበር። ሊቀ መንበሩ ይህ ተራ ሆኖበት አሻሽሎታል። «ሞተሩ በሚገባ ከተነሣ በኋላ ፓምፑ ውሃ ይሞላ ዘንድ የተገባ ነው» ይላል።

ለሐረሪው አነበብኩለት። «ይህ ሰው ፓምፕ አይቶ ያውቃል?» አለኝ።

ታይፕ የምትጽፈው ሴት ዘንድ ሄድን። የመጽሐፉን ስቴንስል በታይፕ የመታችው እሷ ነች። የእጅ ጽሑፉ የእኔ መሆኑን አውቃለች፣ ግን ሊቀ መንበሩ «ሥራው የመረዳጃው ነው፣ ዋና ጸሐፊውም ተስማምቷል» ብሏታል።

«በቀይ ቀለም ያረማትን ዓረፍተ ነገርም አይቻለሁ» አለች። «አማርኛው አምሮ ነበር፤ እኔ ስለ ፓምፕ ምን አውቃለሁ?»

ገጾቹን አልጣለችም፤ ጀርባቸው ንጹሕ ስለነበር ለታይፑ አዲስ ሪባን ስትሞክር ትጠቀምባቸው ኖሯል። አራተኛውን ገጽ ከነቀይ እርማቱ ሰጠችኝ።

ቅዳሜ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሊቀ መንበሩ ሳይደነግጥ አየው።

«መረዳጃ ማለት ይህ ነው» አለ። «የአንተ ድካም፣ የእኔ ስም። ያለ ስሜ ነጋዴው ይቀበለው ነበር?»

«ፓምፑ ተቃጥሏል» አልኩት።

«እኔ የማርመው ቋንቋውን ነው፣ ሞተሩን አይደለም።»

ከመጡት ግማሾቹ ዓይናቸውን ወደ ሻይ ብርጭቋቸው መለሱ። ሥራ ይሰጠናል ብለው ገና ተስፋ አልቆረጡም ነበር። ያን ቀን ከእሱ ይልቅ እነሱን ናቅሁ፤ ከዚያ ራሴን አስታወስኩ፣ ቃለ ጉባኤውን ስጽፍ የኖርኩትን። ሐረሪው ተነሣ፣ ታይፒስቷም ተነሣች፣ እኔም ደብተሩን ጥዬላቸው ወጣሁ።

ሰኞ ሐረሪው ይዞኝ ነጋዴው ዘንድ ሄደ። ደጃፉ ላይ አቆመኝና «ስለ ዋጋ ሲጠይቅህ ዝም በል» አለኝ። «አንተ ስትደሰት ፊትህ ይናገራል። እኔ እመልሳለሁ።»

ነጋዴው ለፍትሕ ግድ አልነበረውም። የማን ሥራ እንደተሰረቀ ልነግረው ስጀምር በእጁ አቋረጠኝ። የፈለገው ክሱ እንዲቀርና ሌሎች ፓምፖች እንዳይቃጠሉ ብቻ ነው። አንድ ያልተተረጎመ ገጽ አምጥቶ እዚያው ፊቱ አስቀመጠኝ። ጻፍኩ፤ መጋዘን ጠባቂውን ጠርቶ አስነበበው፣ ምን እንደገባውም ጠየቀው። ሰውየው ሳይሳሳት ተናገረ።

ሐረሪው ዋጋውን ሲጠራ ከብዛቱ የተነሣ እኔ ራሴ አፈርኩ። ነጋዴው ቅንድቡን እንኳ ሳያነሣ ተስማማ። ለሊቀ መንበሩ ከዚያ የበለጠ ሲከፍለው እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አትክልተኛው አዲስ ፓምፕ ተሰጠው። መመሪያው ታርሞ እንደገና ተባዛ፤ ተርጓሚ የሚለው ቦታ ባዶውን ቀረ፣ ነጋዴው ስም ቀለም ያባክናል አለ። ከዚያ በኋላ ሦስታችን ያለ ማኅተምና ያለ ንግግር ሠራን። የዐረብኛው ደብዳቤ ሲመጣ ለሐረሪው አስተላልፋለሁ፣ የሚታተመው ሁሉ ወደ እሷ ይሄዳል፣ እሷም መደብሩ ውስጥ የሰማችውን ሥራ ለእኛ ትነግረናለች። ፈረንሳይኛ ማንበብ አስተማርኳት፤ ከእኔ በፍጥነት ዋጋ መጥራት ቻለች።

መረዳጃው እስከ ክረምቱ ቆይቶ ተበተነ። ሊቀ መንበሩ ግን አልወደቀም። እንደ እሱ ያለው ሰው በዚያ ዘመን ወደ ላይ ነበር የሚወድቀው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ኃላፊ ሆኖ ሐረር ተሾመ። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ድሬ፣ ለገሀር ባቡር ጣቢያ አገኘሁት። አብረውት ለነበሩት ሹማምንት እጁን ትከሻዬ ላይ ጭኖ «ይህን ልጅ ሰው ያደረግሁት እኔ ነኝ» አላቸው።

እጁን ከትከሻዬ አንሥቼ «እንዴት ነህ?» አልኩት።

አንተ ማለቴን ሹማምንቱ ሰሙ። መልስ ሳይሰጠኝ ወደ ባቡሩ ገባ።