ጸበል የጠጣው ሞተር

የድሮ የውድድር ሞተሮች የሚጠጡት የጉሎ ዘይት ሲቃጠል በሸተተኝ ቁጥር ደረቴ ይነፋል፤ ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ወንዝ ማዶዋ አሌክሳንድሪያ፣ ስለ አሮጌ የእንግሊዝ የውድድር ሞተር ብስክሌት ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልተወለደም። እርግጥ ነው፣ አባቴ ያንን ሞተር እንደገና ሲሠራ የእኔ ድርሻ ባትሪ ማብራት ነበር፤ እሱንም ኮርኒሱ ላይ እያበራሁ እሰደብ ነበር።

አባቴ አሌክሳንድሪያ መካኒክ ነበር። ሞተር ብስክሌቱን ከአንድ ደንበኛው ምድር ቤት በየካርቶኑ ተበታትኖ አገኘው። በረዶ ሲጥል ጋራዡ ስለሚቀዘቅዝ፣ ሆድ ዕቃውን ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማችን አምጥቶ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ዘረገፈውና፣ እኛ እስከ ፋሲካ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለን እንበላ ነበር። ዛፎቹ ሲያብቡ ገጣጥሞ ጨረሰ። ዕድሜ ልኩን የሰው ሞተር ሲጠግን ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ተወዳድሮ አያውቅም ነበር፤ በዚያ በጋ ግን ለአሮጌ ሞተሮች ውድድር ተመዘገበ።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት፣ እሱ ጓንቱን ሲያጠልቅ፣ እናቴ ጸበሏን በላስቲክ ጠርሙስ ይዛ መጥታ ሞተሩን ከመሪው እስከ ጎማው አጠመቀችው። ከዚያ አባቴ ቢገፋ፣ እኔ ብገፋ፣ ወይ ፍንክች። ለካ ብልጭታ የሚሰጠው ማግኔቶ ረጥቦ ኖሯል። ሌሎቹ ተሰልፈዋል።

«አስካለ፣ ማግኔቶውን አጠመቅሽው እኮ» አላት አባቴ።

«ጸበሉን አትንካ። እምነት የጎደለው ያንተ ሽቦ ነው።»

ይህን ብላ መኪናው ውስጥ ገብታ የፀጉር ማድረቂያዋን አወጣችና፣ አጠገባችን የነበሩትን ሽማግሌ ፈረንጅ ሳታስፈቅድ ጄኔሬተራቸው ላይ ሰክታ፣ ማግኔቶውን እንደ ሙሽራ ፀጉር ታደርቀው ጀመር። አባቴ እንደገና ሲገፋው ሞተሩ እንደ ሐምሌ ነጎድጓድ አጓራ፤ ሜሪላንድ በሙሉ ሳትደነግጥ አልቀረችም።

መጨረሻ ወጣ። ከኋላው የነበረው አምቡላንሱ ብቻ ነው። ግን ሄልሜቱን ሲያወልቅ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ እናቴም ያልወደቀው በጸበሉ ነው ብላ ድሉን ወሰደች።

ዛሬ ሞተሩ የእኔ ጋራዥ ውስጥ ነው። ያኔ ከጠረጴዛችን አፈናቅሎን ነበር፤ አሁን የራሱ ክፍል አለው። አባቴ እሑድ እሑድ መጥቶ ያስነሳዋል፣ እናቴም ትረጨዋለች፤ እሱ ግን አስቀድሞ ማግኔቶውን በፌስታል ይሸፍናል። እንግዳ ሲመጣ በምን ፍጥነት እንደምነዳው ይጠይቀኛል፣ እኔም መሪውን እየወለወልኩ ፈገግ እላለሁ።

ሞተሩ ይቅርና ብስክሌት እንኳ መንዳት አልችልም።