በአመድ የታጠቡት ሦስት ቱቦዎች

ሐይቅ ከተማ ካለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ስቀጠር የመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ መጥረጊያ፣ ባልዲና የቤተ ሙከራው ቁልፍ ነበር። የንብረት ክፍል ኃላፊው በሩን ከፈተልኝና፣ «እትዬ ስንዱ፣ እዚህ ቤት አይሸተትም፣ አይቀመስም፣ አይነካም» አለኝ።

«ታዲያ በምኔ ነው የማጸዳው?» አልኩት።

«ወለሉን ብቻ።»

ወለሉን ብቻ ያጸዳሁት አንድ ሳምንት ነው። በስምንተኛው ቀን የኬሚስትሪው መምህር፣ መምህር ይመር፣ የቆሸሹ የመስታወት የሙከራ ቱቦዎች የሞሉበት ሣጥን ተሸክሞ መጣ። በመዋቅሩ ላይ ቴክኒሺያን የሚባል መደብ አለ፤ ከሱ በታች ረዳት የሚባል አለ፤ ከሁሉም በታች ጽዳት አለ። የላይኛዎቹ ሁለት መደቦች እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ክፍት ነበሩ። ሥራቸው ግን ክፍት አልነበረም። እኔ ነበርኩ የምሠራው፣ በጽዳት ማዕረግ።

መምህር ይመር እጄን ይዞ አስተማረኝ። ቱቦ በሳሙና ውኃና በረጅም ብሩሽ ይታሻል። ሦስት ጊዜ በቧንቧ ውኃ ይለቀለቃል። አራተኛው በተጣራ ውኃ ነው፤ ያ ማለት ተንኖ እንደገና የቀዘቀዘ፣ ምንም ያልተቀላቀለበት። ከዚያ አፉ ወደ ታች ተደርጎ ማንጠልጠያው ላይ ይደርቃል። በጨርቅ አይወለወልም። «ጨርቅ ያጸዳል ብለው እንዳይሳሳቱ፤ ጨርቅ የራሱን ቆሻሻ ነው የሚተው» አለኝ።

የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ የተማርኩት አቧራውን ስጠርግ ነው። ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ በየቀኑ አንድ ረድፍ እየጠረግሁ አንድ ረድፍ አነብ ነበር። የማታ ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ስለተማርኩ የፈረንጅ ፊደል አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። «ፖታሲየም በፒ እየጀመረ ምልክቱ ኬ የሆነው ለምንድን ነው? ፒን ለፎስፈረስ ሰጥተው እሱን ስሙን ነጥቀውታል» አልኩት መምህር ይመርን። ሳቀ። «የድሮ ስሙ በኬ ነው የሚጀምር» አለኝ። እኔ ግን እስካሁን ልክ አይመስለኝም።

የሥነ ሕይወት መጽሐፉ ውስጥ «ደረቅ ቁጥቋጦማ ሥነ ምህዳር» የሚል ምዕራፍ አለ። ሥዕሉ የማናውቀው አገር ነው። ልጆቹ የማያውቁትን ተክል ስም እንደ ዳዊት ይደግሙታል፤ መስኮቱን ቢከፍቱ የአምባሰል ተረተር ከነቁጥቋጦው ቆሟል። ይህን ለመምህር ይመር ስነግረው፣ «እውነትዎን ነው፤ እንግዲያው እርስዎም ይምጡ» አለና ክፍሉን ይዞ ወጣ።

አራት ችካልና አራት ሜትር ገመድ ይዘን ነበር። ገመዱን በአራት ማዕዘን መሬት ላይ ዘርግተን በውስጡ ያለውን ተክል ሁሉ እንቆጥራለን። አጋም፣ ቁልቋል፣ እሬት፣ ቅንጭብ። እኔ ስሙን እጠራለሁ፣ ልጆቹ ይጽፋሉ። አንዱ ቁጥቋጦ ጋ ደርሼ «ደደሆ» ስል ከኋላ አንዲት ልጅ፣ «እትዬ፣ ይሄስ ክትክታ ነው» አለች።

«ደደሆ ነው አልኩሽ።»

«ይንኩት እስቲ። ደደሆ ቅጠሉ እንዲህ አያጣብቅም።»

ነካሁት። አጣበቀኝ። «ዓይኔ ደክሞ ነው» አልኩ። «እጅዎስ?» አለች፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሰዓዳ ትባላለች። ቤተሰቦቿ ከአምባሰል ቆላው በኩል ናቸው፤ ያደገችው በዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ፍየል ስትጠብቅ ነው። ቅጠሉ የሚያጣብቀው ውኃው እንዳይተን ሙጫ ስለሚለብስ መሆኑን መምህር ይመር ሲያስረዳ፣ እሷ «ፍየልም የማይበላው ለዚሁ ነው» ብላ ጨመረችለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤተ ሙከራው አልወጣችም። ጥያቄዋ አንድ ነበር። ያ ተረተር ተራቁቶ አፈሩ ምንም ሳይኖረው ክትክታው በምን ይኖራል? መምህር ይመር መልሱን አልነገራትም፤ እንዴት እንደሚፈለግ አሳያት። ሦስት ቱቦ አዘጋጀች። በአንደኛው የተጣራ ውኃ ብቻ። በሁለተኛው ከተራቆተው አፈር ታጥቦ የተጠለለ ውኃ። በሦስተኛው የክትክታ ቅጠል አመድ የተዘፈዘፈበት ውኃ። ሦስቱንም ውኃው ተንኖ ጥቂት እስኪቀር በእሳት ታሳንሳቸዋለች። ከዚያ ቀጭን ሽቦ እየነከረች በስፒሪት ኩራዙ ነበልባል ላይ ትይዛለች፤ ቢጫውን ብርሃን በሚሸፍን ሰማያዊ መስታወት ይታያል። ፖታሲየም ካለ ነበልባሉ ሐምራዊ ይሆናል።

ሦስት ጊዜ ሠራችው። ሦስት ጊዜም ንጹሑ ውኃ ምንም፣ የተራቆተው አፈር ምንም፣ ክትክታው ሐምራዊ። ቁጥቋጦው ከዚያ ደረቅ መሬት በጥቂት በጥቂቱ እየለቀመ በቅጠሉ ያጠራቅማል ማለት ነው፤ ቅጠሉ ሲረግፍ ለአፈሩ ይመልሳል። የመነጠርነው ጊዜ የምንወስደው ማገዶውን ብቻ አይደለም። ይህን በትልቅ ወረቀት ጻፈችው።

ትምህርት ቤቱ አንድ ሥራ መርጦ ደሴ ለሚደረገው ውድድር ይልክ ነበር። ደሴ ያለፈ ልጅ ሳይንስ በሚያስተምር አዳሪ ትምህርት ቤት ቦታ ያገኛል። የሰዓዳ አባት ደግሞ ቁርጡን ነግሯት ነበር። ካለፈች ትማራለች፤ ካላለፈች ጅዳ ያለችው እህቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ ፓስፖርቱ ተጀምሯል። ይህን የነገረችኝ ቱቦ ስናደርቅ ነው። «አብሽሪ፣ ታልፊያለሽ» አልኳት።

ሥራውን የሚመርጡት ዳኞች ሊመጡ ሳምንት ሲቀረው ሳሙና አለቀ። የንብረት ኃላፊውን ጠየቅሁ። «በአዲሱ ዓመት በጀት» አለ። ቧንቧውም ከደረቀ ቀናት ሆኖት ነበር። ከጦርነቱ የተረፉልን ቱቦዎች ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በሌላ ክፍል ሙከራ ቆሽሸዋል። እንግዳ ሊመጣ ነው፤ እኔ ደግሞ ጭጋግ የለበሰ ብርጭቆ ለእንግዳ የማቀርብ ሴት አይደለሁም።

ቤት የፋኖስ ብርጭቆ በምን ይጠራል? በአመድ። የሻይ ብርጭቆስ? በአመድ። እናቴም፣ የጎረቤቴም እናት እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ከበሩ ፊት ለፊት ሻይ ከምትሸጠው ሴት ምድጃ አንድ ጣሳ አመድ ወሰድኩ፤ በነጠላዬ ጫፍ ነፋሁት፤ ቱቦዎቹን አሸኋቸው። ጀሪካኑ ውስጥ ጥቂት ውኃ ስለቀረ አንድ ጊዜ ብቻ አለቀለቅኩ። ብርሃን ላይ ሳያቸው እንደ ውኃ ጠብታ ያበሩ ነበር። በራሴ ኮራሁ።

ዳኞቹ ሦስት ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ አዲስ ኮት ለብሶ ከጎናቸው ቆመ። ሰዓዳ ቱቦዎቹን ደረደረች፣ አሳነሰች፣ ሽቦውን ነከረች። ዋናው ዳኛ ሰማያዊውን መስታወት ዓይኑ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«የመጀመሪያው ምንድን ነው ያልሽው?»

«የተጣራ ውኃ።»

«የተጣራ ውኃ ሐምራዊ ይነዳል እንዴ?»

ሁለተኛውም ሐምራዊ ሆነ። ሦስተኛውም። ዳኛው መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አመዱን በሦስቱም ጨምረሻል፤ ልዩነቱን እንኳ አልጠበቅሽም።»

ሰዓዳ ፊቷ አመድ መሰለ፤ አንደበቷ ግን አልተያዘም። «ጋሼ፣ ወላሂ አልጨመርኩም። ማታለል ብፈልግ ንጹሑን ውኃ ለምን እነካዋለሁ? እሱ እኮ ነው የሚያጋልጠኝ።»

«ብልጠት ሲበዛ እንዲህ ነው» አለ ሌላኛው። ሳቁ። ርዕሰ መምህሩም አብሮ ሳቀ።

እኔ በር ላይ ነበርኩ፣ መጥረጊያዬን ይዤ። የመጀመሪያው ነበልባል ሐምራዊ መሆኑን ስሰማ ገባኝ። አመድ ፖታሲየም እንዳለው ያቺው ልጅ አይደለችም እንዴ ያስተማረችኝ? አፌ ድረስ መጣ። ግን እንግዶች ባሉበት ጽዳት አይናገርም የሚል ሕግ አለ፤ የትም አልተጻፈም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ለንብረት ኃላፊው፣ ለርዕሰ መምህሩ፣ ለማንም መልስ አጥቼ የማላውቅ ሴት ያን ቀን አፌን ያዝኩ። ዳኞቹ ሻይ ጠጡ፣ መኪናቸው ውስጥ ገቡ፣ ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። «ቱቦዎቹን በአመድ ያጠብኩ እኔ ነኝ። ልጅቷ ጥፋት የለባትም» አልኩት።

«በአመድ?»

«ሳሙና የለም። ውኃ የለም። ጠይቄ ነበር።»

እስክሪብቶውን አሽከረከረ። «እትዬ ስንዱ፣ ይህን ብጽፍ ምን ብዬ ልጽፍ ነው? ቤተ ሙከራው ሳሙና የለውም፣ ቴክኒሺያን የለውም፣ ሥራውን የምትሠራው ጽዳቷ ናት ብዬ?»

«አዎ። እንዳለው ይጻፉት።»

«የዳኞቹ ሪፖርት ሄዷል። ልጅቷም ልጅ ናት፤ ትረሳዋለች።»

መምህር ይመር ከጤና ጣቢያ የተጣራ ውኃ ለምኖ አመጣ። እኔ ከራሴ ቤት ሳሙና አመጣሁ። ቱቦዎቹን እንደ ደንቡ አጠብኳቸው፣ ሰዓዳም ሙከራውን ደገመችው። ንጹሑ ውኃ ምንም፣ አፈሩ ምንም፣ ክትክታው ሐምራዊ። ያየነው ሦስታችን ብቻ ነን። መምህር ይመር፣ «ከርዕሰ መምህሩ ጋር አጣልተሽ ከሥራ አታስወጪኝ» ብሎ በጽሑፍ ለመመስከር አልደፈረም። ሁልጊዜ «እርስዎ» ይለኝ የነበረ ሰው ያን ቀን «አንቺ» ያለኝ ድንጋጤው ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ክፉ ሰው አልነበረም። ፈሪ ነበር።

ራሴ ደሴ ትምህርት መምሪያ ሄድኩ። ከቢሮ ቢሮ ስመላለስ ውዬ አንድ ወጣት ኃላፊ አነጋገረኝ።

«የሥራ መደብዎ ምንድን ነው?»

«ጽዳት።»

«የትምህርት ደረጃ?»

«አራተኛ። ቱቦ ግን አጥባለሁ።»

«እናቴ፣ ይህን የሚያስረዳ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አለዎት?»

አልነበረኝም። ማኅተሙ ያለው ርዕሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ተመልሼ ስጠይቅ ለስብሰባ ወጥቷል ተባልኩ፤ ሲመለስም ቀኑ አልፏል አለኝ። ደሴ የተላከው ሌላ ሥራ ነበር፤ በካርቶን የተሠራ፣ ቀይ ቀለም የሚተፋ እሳተ ገሞራ። በሰዓዳ ማኅደር ውስጥ ዳኞቹ ያሰፈሩት «የሙከራ ውጤት አጭበርብራለች» የሚለው ቃል እንዳለ ቀረ።

ሰዓዳ ከመሄዷ በፊት እንደ ወሎ ልማድ ሰውን ሁሉ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እያለች ዞረች። እኔ ቤትም መጣች፤ ጥቁር አባያ ለብሳ፣ ከዕድሜዋ በላይ ሆና።

«እትዬ፣ አፉ ይበሉኝ።»

«አንቺ ምን አደረግሽኝና? እኔን ነው አፉ የምትይኝ።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ለአመዱ አፉ ብያለሁ። እሱ ለኔ ብለው ያደረጉት ነው። ያን ቀን በር ላይ ቆመው ዝም ላሉበት ግን ገና ነኝ። አልዋሽዎትም።»

«አትዋሺኝ» አልኳት። ሳመችኝና ሄደች። አሁን ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ለእናቷ ትደውላለች፣ ለእኔ ሰላምታ ትልካለች፤ ያን ቃል ግን እስከ ዛሬ አልላከችም። እኔም አልጠየቅኋትም።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ፣ አዲስ ለምትገቡም የምለው ይህ ነው። የቤተ ሙከራ ዕቃ በአመድ አይታጠብም፤ ሳሙና ከሌለ ሙከራው ይቅር። ያጠፋችሁ እንደሆነ ደግሞ ባወቃችሁባት ደቂቃ፣ ዳኞቹ ገና ሳይነሡ፣ በሁሉም ፊት ተናገሩ፤ እዚያው በወረቀት አስፍራችሁ ፈርሙ፤ አንዱን ቅጂ ጥፋቱ ለተለጠፈበት ሰው ስጡ። እኔ በማግስቱ ተናገርኩ። በማግስቱ የሚሰማ አልነበረም።