በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው

«አንቺ ልጅ፣ ስታነቢ ውሻ የሚያባርርሽ ነው የሚመስለው» አሉኝ ሽማግሌው ፊት ለፊቴ፣ ገና የመዝሙሩ ሦስተኛ ቁጥር ላይ ሳልደርስ።

ካረፉ ወዲህ ስልካቸው እኔ ጋር ነው። ጥጉ ተሰንጥቋል፣ ባትሪው ግማሽ ቀን አይዘልቅም። ባበራሁት ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ንግግራቸው ነው፤ ከዚያ የኮረሪማ ሽታ። ስልክ ኮረሪማ እንደማይሸት አውቃለሁ። የሚሸተው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ነበር። ሟች ባለቤታቸው ኮረሪማ በምታስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ ስንት ዓመት እንደኖረ እንጃ፣ በተገለጠ ቁጥር ያውድ ነበር።

ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ቦንጋ፣ አጎቴ ሞባይል ቤት ቁጭ ብዬ የስክሪን መከላከያ እለጥፋለሁ። የት እንደምሄድ ሳላውቅ ለመሄድ ብቻ እቸኩል ነበር። ሽማግሌው አንድ ማለዳ ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በየገጠሩ እየዞሩ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ቤታቸው ጥናት ይመራሉ። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ነበር።

«መጽሐፉ እዚህ ውስጥ ይገባል አሉኝ። ጥሩውን ምረጪልኝ።»

«ሁሉም ያው ነው ጋሼ።»

«ያው ከሆነማ ምረጪ አልልሽም ነበር።»

አጎቴ ሳቀብኝ። «ቤታቸው ሄደሽ ሥሪላቸው። እዚህማ ደንበኛ ከማባረር ሌላ ምን ሥራ አለሽ?» አለኝ።

ሄድኩ። ሦስት ዓይነት የመጽሐፍ ቅዱስ አፕ ጫንኩላቸው። በመጀመሪያው ላይ መዝሙር እያነበብኩላቸው ሳለ የውርርድ ማስታወቂያ ዘፈኑን ለቀቀው። «ይሄ ዳዊት አይደለም» አሉና እጃቸውን አወዛወዙ። ሁለተኛው ያማረ ነበር፤ ካርታ አለው፣ ሥዕል አለው፣ በድምፅ ያነባል፣ ግን ያለ ኔትወርክ አይከፈትም። እኔ እሱን ወድጄዋለሁ። የዚያን ቀን ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ መውረድ ሲጀምር ኔትወርኩም አብሮ ሄደ፤ ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ።

«ምን ሆነ?»

«ዝናቡ እስኪያባራ ነው ጋሼ።»

«በቦንጋ ዝናብ? ዝናብ ሲመጣ የሚሸሽ መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል!»

ሦስተኛው አስቀያሚ ነበር፣ መልኩ የቆየ ዳቦ ይመስላል። ግን ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ፊደሉ በአንድ መስመር ሦስት ቃል ብቻ እስኪቀር ያድጋል፤ ቃል ሲጽፉለት ያለበትን ቁጥር ሁሉ ይዘረዝራል። «ጤዛ የሚለውን ፈልጊ» አሉኝ። እኔ በስልኩ ስፈልግ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ስልኩ ቀደማቸው። እሳቸው ግን ምዕራፍ እየጠሩ እስከ መጨረሻው ሄዱና «ፈጠነኝ እንጂ አልበለጠኝም» ብለው እንደ ልጅ ፈነደቁ። እሱን መረጥን።

ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። የመጽሐፋቸው ኅዳግ ሁሉ ጽሑፍ ነው። አፑ ደግሞ ቁጥሩን ነካ ሲያደርጉት ማስታወሻ መጻፊያ ይከፍታል። ያን ሁሉ እንዳስገባላቸው ለመኑኝ። ክረምቱን በሙሉ፣ ከሰዓት ከሰዓት፣ እሳቸው በረንዳ ላይ፣ እኔ መስኮቱ ሥር ሆነን፣ ብርሃኑ በጉም ውስጥ ተጣርቶ እየገባ፣ በአውራ ጣቴ ጻፍኩ። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው አማርኛ ነው፤ ማስተማሪያቸው። በቀይ የተጻፈው ካፊኖኖ ነው፣ የከፋ ቋንቋ፣ በእኛው ፊደል።

እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ። ቦንጋ ተወልጄ ካፊኖኖ የማውቀው ለገበያ ያህል ነው። ቀዩን ሁለት ሦስቴ ሞከርኩት፤ ምላሴ ተሳሰረ። ያው የሰማያዊው ትርጉም ይሆናል አልኩና ዘለልኩት። መጀመሪያ አንዱን፣ ከዚያ ሁሉንም።

«ሁሉም ገባ?» አሉኝ ስጨርስ።

«ሁሉም ገብቷል ጋሼ» አልኩ። መገላገል ነው የፈለግሁት።

በሳምንቱ ደካ ከሚባል ገጠር አንዲት ሴትዮ መጡ፤ ሽማግሌው ያስተማሯቸው፣ እዚያ ያለችውን ትንሽ ጉባኤ የሚመሩ። የሴትዮዋ መጽሐፍ ገጹ ረግፎ አልቋል። ሽማግሌው የራሳቸውን ከሳጥኑ አውጥተው፣ ጀርባውን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ ጠረግ አድርገው፣ «ውሰጂው። የኔ ስልኩ ውስጥ ገብቷል» ብለው ሰጧቸው።

ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ነው የጠየቁኝ።

«በይ እስቲ የሷን አንብቢልኝ።»

«የማንን?»

«የባለቤቴን። ቀዩን።»

ያኔ ነው የነገሩኝ። ባለቤታቸው አማርኛ አትሰማም ነበር። ሐሙስ የሚያስተምሩትን ረቡዕ ለሷ በካፊኖኖ ይነግሯታል፤ እሷ ያልገባት ለማንም አይገባም ብለው። እሷ የምትመልሰውን፣ የምትጠይቀውን፣ አንዳንዴም የምትስቅበትን ከቁጥሩ አጠገብ በቀይ ይጽፋሉ። «ሰው እኔን አዋቂ ይለኛል፤ አዋቂዋ እሷ ነበረች» አሉ። «ድምፅዋን እየረሳሁት ነው። አባባሏን ግን እዚያ አኑሬዋለሁ።»

ውሸት አላጣሁም ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «አላስገባሁትም» አልኩ። «ማንበብ አቃተኝና ዘለልኩት። ሁሉም ገብቷል ያልኩት ውሸቴን ነው።»

 ሊያጽናኑኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ትከሻዬን ስተው ወንበሩን መታ መታ አደረጉት። «ደህና፤ ጥቂቱን እኮ አስታውሳለሁ» አሉ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዛሬም ይሻለኛል።

ማክሰኞ ቀዩን ላስገባበት ስልካቸውን ተበድሬ ደካ ሄድኩ። መኪናው ጭቃ ውስጥ ተይዞ ሁላችንም ወርደን ገፍተናል፤ ሴትዮዋ በራፍ ላይ ስደርስ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ። ነገሩን ነገርኳቸው።

«‹ሁሉም ገብቷል› ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። መጽሐፉን ልመልስላቸው ነው የመጣሁት።»

መጽሐፉን አምጥተው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ። ኮረሪማው ሸተተኝ። «ይኸው። የሳቸው ነው፣ አልከለክልሽም። ግን ቦንጋ ወስደሽው ማን ሊያነብላቸው ነው? ዓይናቸው? ወይስ ያቺ ምላስሽ?»

 የስልኩን ድምፅ መቅጃ ከፍቼ በመካከላችን አስቀመጥኩት። መጽሐፉንም ወደሳቸው መለስኩ። «እርስዎ ያንብቡት» አልኩ።

ከኦሪት ጀምረው ቀዩን ቀዩን አነበቡ። ውጭ ዶሮዎች ይጯጯሃሉ፣ አንዴ ጎረቤት ገብቶ ጨው ጠየቀ፤ ያም ተቀርጿል። ኖኅ ላይ ሲደርሱ ማንበቡን አቁመው በሳቅ ተንከተከቱ።

«ምን አለች?» አልኳቸው።

«‹ያን ሁሉ እንስሳ አስገባ ብለህ ነገርከኝ፤ ፋንድያቸውን ማን ጠረገ? ሚስቱ ናት። ስሟን እንኳ አልጻፉላትም› አለች።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ቀጠሉ። ማታ እዚያው አደርኩ፤ በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ጨረሱ። መጽሐፉን እዚያው ትቼ ተመለስኩ።

ሽማግሌው በረንዳ ላይ ነበሩ። ጉሙ እስከ አጥሩ ወርዷል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

ስልኩን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ፤ ጣታቸውን ይዤ ማስቆሚያው የት እንደሆነ አስነካኋቸው። ከዚያ ከፈትኩት። የደካዋ ሴትዮ ድምፅ ወጣ፤ አንድ አንድ ቃል እያስቀመጠ፣ በካፊኖኖ። እጃቸውን ከፍ አደረጉ፣ እንዳልናገር።   ኖኅ ላይ ሲደርስ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሴትዮዋ ሲስቁ ሽማግሌውም ሳቁ፣ አብረው፣ እኩል።

ሳቁ ሲያበቃ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ «ቀስ ብላ ነው የምታነበው» አሉ።

ጃንጥላዬን ከበሩ ሥር አንስቼ፣ የአጥሩን በር ቀስ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ።