የእናቴ ወገብና መደገፊያ ያለው ወንበር

ኅዳር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። እናቴ አሰላ ባለው ቤታችን ሶፋ ላይ በጎኗ እንደተጋደመች፣ ሐኪሙ ካቀረበላት ሁለት ዓይነት ቀዶ ሕክምና ትልቁን መምረጧን አስታወቀችኝ።

ከታችኛው ወገቧ አንዱ ዲስክ ከቦታው ወጥቶ ነርቭ ተጭኖባት ነበር። ግራ እግሯ ከመደንዘዙ የተነሳ ነጠላ ጫማዋ መንገድ ላይ ወልቆ ሲቀር አታውቅም። ነርቩ እንደተጫነ ከቆየ እግሯ ወደ ቀድሞው ላይመለስ እንደሚችል ተነግሮናል፤ ሐኪሙም መልሳችንን በማግስቱ ጠዋት ይጠብቃል።

እኔ እንደ ልማዴ ነገሩን አጥንቼ ነበር። በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራው ጡንቻውን ብዙ ሳይጎዳ በቀጭን ቱቦ ይገባል፤ የሚፈሰው ደም ያነሰ፣ ከአልጋ መነሻውም የፈጠነ ነው። ትልቁ ጀርባን ከፍቶ ለሐኪሙ ሰፊ እይታ ይሰጣል፤ አጥንቱ ለሚንሸራተት ወይም ብዙ ቦታ ለተጎዳ ሰው ይመረጣል። ውሎ አድሮ የሁለቱ ውጤት ብዙ ጊዜ ይቀራረባል። የእናቴ ጉዳት ግን አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ ሐኪሙ ወደ ትንሹ አዘንብሏል።

"በቀዳዳ ማን ያምነኛል?" አለች እናቴ።

ጥያቄው የሕክምና አልነበረም። በሰፈራችን እድር ያልተጻፈ ደንብ አለ፤ ጀርባዋ "የተከፈተ" ሴት ትልቁን ብረት ድስት አታነሳም፤ በድንኳኑ ውስጥም መደገፊያ ባለው ብቸኛ ወንበር ትቀመጣለች። ሌሎቻችን አግዳሚ ላይ እንደረደራለን። ወንበሩን ከዓመታት በፊት በትልቁ ቀዶ ሕክምና ያገኘችው ጎረቤታችን ናት። ጠባሳዋን ለተጠራጠረ ሁሉ ታሳያለች፤ ላልተጠራጠረም እንዲሁ።

ያን ዕለት እናቴን ልትጠይቅ ብርቱካን ይዛ መጣች።

"እህቴ፣ ሐኪም በደንብ ከፍቶ ካላየ ምኑን አከመው? በቱቦ ማየት እኮ ጎረቤትን በቁልፍ ቀዳዳ እንደ መሰለል ነው።"

"አንቺስ ሁሉን የምታውቂው በምን አይተሽ ነው?"

"ኧረ ተይኝ!"

"ለማንኛውም እኔም ትልቁን መርጫለሁ" አለች እናቴ። "እንግዲህ በድንኳን ወንበር አለኝ።"

"ወንበሩ አንድ ነው።"

"እኔ ደግሞ ታላቅሽ ነኝ።"

በእኛ ዘንድ ዕድሜ ይግባኝ የለውም። ጎረቤታችን ልትልጠው የያዘችውን ብርቱካን መልሳ አስቀመጠች።

እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ብዙ መናገር አልወድም፤ ይሁን እንጂ እውነት የሆነ አንድ ነገር ጣል አደረግሁ፤ "በትልቁ ከተሠራች ለማገገም ወራት ይፈጅባታል። ወንበሩ ያን ሁሉ ጊዜ ያስፈልጋታል።"

ጎረቤታችን ወደ እናቴ ተጠጋች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እንደው እውነቱን ልንገርሽ?" አለቻት። "የአሰላ ብርድ ዛሬም የሚገባብኝ በጠባሳዬ በኩል ነው። ያኔ በአልጋዬ ላይ መገላበጥ እንኳ እንዴት እንደናፈቀኝ! ቀዳዳው ይሻልሻል።"

"አሁን ደግሞ ቀዳዳው ተሻለ?"

"ለአንቺ ብዬ ነው።"

"ለእኔ ብለሽ!" አለች እናቴ፤ ሆኖም እግሯን ዳሰሰች። እኔ ስለ ጡንቻና ስለ ደም ያስረዳሁት ሁሉ ያላንቀሳቀሳትን ሴት፣ የጎረቤት ብርድ አሳሰባት።

በማግስቱ ጠዋት ከቤት ሳንወጣ ጎረቤታችን በር ላይ ደረሰች። እናቴ ጫማዋን እያሰርኩላት ውሏን ዘረዘረች፤ እርሷ በትንሹ ትታከማለች፤ ጎረቤታችን ደግሞ ቀዳዳም መከፈት መሆኑን በእድሩ ሴቶች ፊት ትመሰክራለች። ድስቱ ከእናቴ ይርቃል፤ ወንበሩ ከባለቤቱ ከጎረቤታችን ጋር ይቆያል።

"ቶሌ፣ እሺ!" አለች ጎረቤታችን፤ እጅ ለእጅ ተመታቱ።

ሐኪሙ ዘንድ እንደደረስን እናቴ እኔን አላስቀደመችም።

"በትንሹ ይሁን፣ ልጄ" አለችው። "ፋሻው ግን ሰፊ ይሁን።"

ሐኪሙ ምክንያቱን ከእኔ ፊት ላይ ፈለገ፤ አጥቶም በሁለቱም ተስማማ።